ከፔዳሉ ሥር ያለው ቁጥር

አቃቂ ቃሊቲ ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች መካከል በመሬት አቀማመጣቸው ለብስክሌት ከሚመቹት አንዱ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ ተነሥታ በሽሮ ሜዳ፣ በስድስት ኪሎና በፒያሳ አቀበትና ቁልቁለት ወደ ደቡብ ስትወርድ፣ ሳሪስን አልፋ የአቃቂ ሜዳ ላይ ስትደርስ ከፍታዋ ወደ 2 ሺህ 100 ሜትር ግድም ዝቅ ይላል፤ መሬቱም ይዘረጋል። ባሕር ዳርንና ሐዋሳን የብስክሌት ከተሞች ያደረጋቸው ከሌላው ሁሉ በፊት ይኸው የመሬት መዘርጋት መሆኑ ከታሰበ፣ ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ ያለው አካባቢ ከመሐል አዲስ አበባ ይልቅ ለእነርሱ ይቀርባል ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ አንድ ሠራተኛ ብስክሌት ለመግዛት ሲያስብ ሜዳውን ብቻ አይቶ አይወስንም፤ እርሱ ስምንት ሰዓት ሙሉ ሥራ ላይ ሲውል ብስክሌቱ የት ይውላል፣ ማንስ ያየዋል የሚለው ጥያቄ መልስ ካላገኘ ገንዘቡን ከኪሱ አያወጣም።

የአካባቢው አሠፋፈር ይህን ጥያቄ ይበልጥ ያጎላዋል። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት አቃቂን ረግጦ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የመለዋወጫ ዕቃ ፋብሪካዎች ሐዲዱንና አውራ ጎዳናውን ተከትለው ተተከሉ። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ደግሞ ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ የሚነሣውን የሰሜን ደቡብ መስመሩን ቃሊቲ ላይ ጨረሰ። ከዚህ ጣቢያ ወዲያ የገላንና የቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ በቂሊንጦ አቅጣጫ የኢንዱስትሪ ፓርኩና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ፤ እነዚህ ሁሉ ከባቡሩ ማብቂያ ለእግር የራቁ፣ ለብስክሌት ግን ቅርብ የሆኑ መድረሻዎች ናቸው። የትራንስፖርት ባለሙያዎች ከዋናው መጓጓዣ ከወረዱ በኋላ እስከ ቤት ወይም እስከ መሥሪያ ቤት ያለውን ይህን ርቀት የመጨረሻው ኪሎ ሜትር ይሉታል፤ ብዙውን ጊዜ የጉዞውን ትዕግሥት የሚጨርሰውም ዋናው መንገድ ሳይሆን ይኸው ቁራጭ ነው። በማለዳ ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ የሚታየው የሚኒባስ ሰልፍ፣ በባጃጅና በጭነት መኪና መካከል እየተሽሎከለከ ፌስታል በመሪው ላይ አንጠልጥሎ የሚያልፈው ብስክሌተኛ፣ ከፋብሪካ በር ጥግ በአንድ ጓጉንቸር የታሰሩ ሁለት አሮጌ ብስክሌቶች፣ ሁሉም የዚሁ ቁራጭ መንገድ ገጽታዎች ናቸው።

መንግሥትም ጉዳዩን አላየውም አይባልም። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት፤ ሞተር አልባ ትራንስፖርት ሲባል በእግርና በብስክሌት የሚደረግ ጉዞ ማለት ሲሆን፣ ስትራቴጂው በአሥር ዓመት ውስጥ 600 ኪሎ ሜትር የእግረኛና 200 ኪሎ ሜትር የብስክሌት መንገድ የመሥራት ግብ ይዞ ተነሥቷል። በ2011 ዓ.ም የተጀመረው መንገድ ለሰው የተሰኘው መርሐ ግብር የተመረጡ ጎዳናዎችን በወር አንድ እሑድ ከመኪና ነፃ አድርጎ ብስክሌትን ለብዙ ልጆች አስተዋውቋል፤ በ2016 ዓ.ም የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ለብስክሌት የተለየ መስመር እያበጀ ነው። በእነዚህ ዕቅዶች ላይ የሚነሣው ቅሬታ አንድ ነው፤ መንገድ በኪሎ ሜትር ተለክቶ ሲመረቅ ማቆሚያ ግን የማንም ሪፖርት መለኪያ አይሆንም። ብስክሌት ከሕይወቱ አብዛኛውን ሰዓት የሚያሳልፈው ቆሞ ነው፤ የሚሰረቀውም ቆሞ ሳለ ነው፤ ስለዚህ ማቆሚያ የሌለው የብስክሌት መንገድ በር የሌለው ቤት ያህል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስርቆቱ እንዴት እንደሚፈጸም ሳይታወቅ መከላከያውን መምረጥ አይቻልም። የብስክሌት ሌባ ቁልፍ ከፈታ በኋላ የሚያመልጠው በዚያው በሰረቀው ዕቃ ነው፤ ብስክሌት ግን ከመኪና ይለያል፤ አስነሺ ቁልፍ አያስፈልገውም፣ ታርጋ የለውም፣ ነጂውን ከባለቤቱ የሚለይ ምልክትም አይታይበትም። ከዚህም በላይ ሳይታሰር ለአፍታ የቆመ ብስክሌት፣ ባለቤቱ ሱቅ ገብቶ የስልክ ካርድ እስኪገዛ ድረስም ቢሆን፣ ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ ምርኮ ነው። የታሰረውን የሚወስደው ደግሞ መሣሪያ ይዞ የሚዞር ሌባ ሲሆን፣ እርሱ የሚመዝነው ሁለት ነገር ነው፤ ማሰሪያው ስንት ደቂቃ ይፈጃል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥስ ማን ያያል። ማንኛውም ቁልፍ ጊዜ ካገኘ ይቆረጣል፤ የጥሩ ቁልፍ ሥራ ያንን ጊዜ ማስረዘምና ድምፁን ማብዛት ነው።

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ላስቲክ የለበሰ የሽቦ ገመድ ቁልፍ በዚህ መለኪያ ከሁሉም ይወድቃል። ውፍረቱ የሚያሳየው የላስቲኩን እንጂ የብረቱን አይደለም፤ ውስጡ የተገመዱት ቀጫጭን ሽቦዎች ረጅም እጀታ ባለው የብረት መቁረጫ በሰከንዶች ውስጥ ይለያያሉ፣ ድምፅም አያሰሙም። ሰንሰለትና ጓጉንቸር ይሻላሉ፤ ሆኖም የሁለቱ ጥንካሬ የሚለካው በደካማቸው ስለሆነ ወፍራም ሰንሰለት በርካሽ ጓጉንቸር መዝጋት ገንዘብን ማባከን ነው። ከሁሉም የሚመረጠው በእንግሊዝኛው ዩ ፊደል ቅርጽ የታጠፈ ጠንካራ የብረት ዘንግና የሚዘጋበት አግድም ክፍል ያለው፣ በተለምዶ ዩ ቁልፍ የሚባለው ነው። እዚህ ላይ የብረቱ ዓይነት ከውፍረቱ ይበልጣል፤ ጠንካራ የሚባለው ብረት በእሳት ግሎ በድንገት እንዲቀዘቅዝ በማድረግ ላዩ እንዲከር የተደረገው ሲሆን፣ ይህን ለመለየት የብረት ሥራ የሚያውቁ ሰዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ፈተና አለ። ሞረድ በሰንሰለቱ ወይም በጓጉንቸሩ ቀለበት ጠርዝ ላይ ቀስ ብሎ ሲሳብ ብረቱ ለስላሳ ከሆነ ሞረዱ ይነክሰዋል፣ የብናኝ ምልክትም ይተዋል፤ የከረረ ከሆነ ግን ሞረዱ እንደ መስታወት ላይ ይንሸራተታል። በአቃቂ ቃሊቲ ሞረድ የሌለው የብየዳ ቤት ስለሌለ ይህ ፈተና ከሻጩ ቃል ይልቅ የታመነ ዳኛ ሊሆን ይችላል።

ውድ መሆን ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የታየው ነገር አስተምሯል፤ በዓለም ስመ ጥር ከሆኑት የዩ ቁልፎች አንዳንዶቹ፣ የመክፈቻ ቀዳዳቸው ክብ ቱቦ መሰል የነበሩት፣ በተራ የፕላስቲክ እስክሪብቶ ቀፎ እንደሚከፈቱ ተደርሶበት አምራቹ ቁልፎቹን ለመቀየር ተገዷል። ስለዚህ ክብ ቀዳዳ ያለውን ትቶ ጠፍጣፋ መክፈቻ ያለውን መምረጥ ይበጃል። በባትሪ የሚሠራው ግራይንደር ከመጣ ወዲህ ደግሞ የማይቆረጥ ቁልፍ አለ ብሎ የሚያስብ ባለሙያ ጥቂት ነው፤ በሌሎች ከተሞች ከግራይንደር የሚያድነው ጩኸቱና የእሳት ፍንጣሪው ነው። እዚህ ላይ የአቃቂ ቃሊቲ ልዩ ችግር ይመጣል፤ በየበያጁ ደጃፍ ከጧት እስከ ማታ ግራይንደር በሚጮኽበት ሰፈር ያ ድምፅ ማንንም ቀና አያደርግም።

ከቁልፉ እኩል የሚያሳስበው ብስክሌቱ የሚታሰርበት ነገር ነው። የመንገድ ምልክት የተተከለበት አጭር ምሰሶ ጫፉ ክፍት ከሆነ ብስክሌቱ ከነቁልፉ ወደ ላይ ተነሥቶ ይወጣል፤ የቆርቆሮ አጥር ሚስማሩ ይነቀላል፤ የሽቦ አጥር በጉጠት ይቆረጣል፤ በጎዳናው ዳር የተተከለ ችግኝ ደግሞ ብስክሌቱን ሳያድን ራሱ ይጎዳል። አንዳንድ ሕንፃዎች ፊት ለፊት የሚታየው፣ የፊት ጎማን ብቻ በሁለት ብረቶች መካከል የሚይዘው ማቆሚያም ከስሙ በቀር የሚጠቅም ነገር የለውም፤ ሌባው የፊት ጎማውን ፈትቶ ትቶት የቀረውን ይወስዳል፣ ነፋስ የገፋው ብስክሌትም ቸርኬውን ያጣምማል።

ከረጅም ልምድ በኋላ በብዙ ከተሞች ተቀባይነት ያገኘው ማቆሚያ ከሁሉም ቀላሉ ነው። በእንግሊዟ የሼፊልድ ከተማ ስም የሚጠራው ይህ ማቆሚያ አንድ የብረት ቧንቧ ሁለት ቦታ ታጥፎ እንደ በር ጉበን ከመሬት የሚቆምበት ነው፤ ቁመቱ 75 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የቧንቧው ውፍረት 5 ሴንቲ ሜትር ግድም ሲሆን፣ በግራና በቀኙ ሁለት ብስክሌቶች ፍሬማቸውን አስደግፈው ይታሰሩበታል። በሁለት ማቆሚያዎች መካከል ቢያንስ አንድ ሜትር ከተተወ ነጂው ሳይጨናነቅ ጎንበስ ብሎ መቆለፍ ይችላል፤ አንድ መኪና የሚቆምበት ቦታ በዚህ አሠራር 10 ያህል ብስክሌቶችን ይይዛል። አተካከሉ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። በብሎንና በዳዶ ብቻ ወለል ላይ የተያዘ ማቆሚያ በኪያቬ ስለሚፈታ ወይ ዳዶው በብየዳ መታተም፣ ወይ እግሮቹ በኮንክሪት ውስጥ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ጠልቀው ከታች በኩል በፌሮ ቁራጭ መስቀለኛ መበየድ አለባቸው፤ ፌሮው በኮንክሪቱ ውስጥ እንደ መልሕቅ ሆኖ ቧንቧው ተወዝውዞ እንዳይነቀል ይይዘዋል። ቧንቧ ማጠፍና መበየድ የዕለት ሥራቸው የሆነ ወርክሾፖች በሞሉበት፣ የብረታ ብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ልጆችና የልጅ ልጆች በሚኖሩበት ክፍለ ከተማ ይህን ዕቃ ከውጭ ለማስመጣት መጠበቅ ለማንም አስረጂ የማያሻው ሞኝነት ነው፤ አንድ በያጅ ከረዳቱ ጋር በአንድ ቀን ብዙ ሊያወጣ ይችላል።

ማቆሚያው ከተገኘ አተሳሰሩ ይቀጥላል። ቁልፉ ሁልጊዜ ፍሬሙን መያዝ አለበት፤ ከጎማዎቹ አንዱን መጨመር ከተቻለ የኋላው ይመረጣል፤ ምክንያቱም ጥርሶቹና ካቴናው ያሉበት የኋላ ጎማ ከፊቱ ይልቅ ውድ ነው። የፊት ጎማውና ኮርቻው ያለ መፍቻ በእጅ በሚላቀቁ መያዣዎች የታሰሩ ከሆነ በተራ ዳዶ ማስቀየር ትንሽ ወጪ የሚጠይቅ ትልቅ መከላከያ ነው። ቁልፉ መሬት ላይ ማረፍ የለበትም፤ ድንጋይ ወይም አስፋልት ላይ ያረፈ ጓጉንቸር በመዶሻ ሲመታ መሬቱ ራሱ ሰንዳን ይሆንለታል። በቁልፉና በፍሬሙ መካከል የሚተርፈው ክፍተት በጠበበ ቁጥርም የብረት ዘንግ አስገብቶ ፈልቅቆ ለመስበር ቦታ ይጠፋል። ከማሰር በፊት ማቆሚያውን አንድ ጊዜ ነቅነቅ ማድረግ ደግሞ ልማድ ሊሆን ይገባዋል፤ ሌቦች ቀድመው ቧንቧውን በሰጌቶ ቆርጠው በፕላስተር ሸፍነው የሚጠብቁበት ዘዴ በብዙ አገር የታወቀ ነው።

ብረት ግን ከሰው ዓይን ተለይቶ ብዙ አያገለግልም፤ አቃቂ ቃሊቲም እንደ ሌላው የአዲስ አበባ ክፍል ጥበቃን በሰው ዓይን ላይ የገነባ ሰፈር ነው። የሱቅ ባለቤት፣ የጀበና ቡና ሻጭ፣ የፋብሪካ በር ዘበኛ፣ በማኅበር ተደራጅተው የመኪና ማቆሚያ የሚያስተዳድሩት ወጣቶች፣ እያንዳንዳቸው በፊታቸው የቆመ ብስክሌት የማን እንደሆነ ያውቃሉ። ስለዚህ ማቆሚያ ከሕንፃ ጀርባ ባለ ባዶ ጥግ ሳይሆን ከዋናው በር ፊት፣ መብራት ባለበትና ሰው በሚያልፍበት መተከል አለበት፤ የብስክሌት ማቆሚያ የሕንፃን ገጽታ ያበላሻል ብሎ ወደ ጓሮ የሚገፋ አስተዳዳሪ፣ ሳያስበው ለሌባው የሥራ ቦታ ያዘጋጃል። መኪና የሚጠብቁት ወጣቶች ለብስክሌትም አነስተኛ ክፍያ ተቀብለው ሁለት ቁራጭ ያለው ቁጥር ቢሰጡ፣ አንዱ መሪው ላይ ታስሮ ሌላው በባለቤቱ ኪስ ቢውል፣ ሰውየውን በመልክ የማያውቅ ተረኛም ሳይሳሳት ማስረከብ ይችላል። በፋብሪካዎች ዘንድ ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንም፤ ሠራተኛ ሲወጣ የሚፈትሽና ዕቃ ሲወጣ የመውጫ ወረቀት የሚጠይቅ በር ብስክሌት ሲወጣ የቆርቆሮ ቁጥር ቢጠይቅ የሚጨምረው ሥራ የለም። ቃሊቲን የመሰለ የባቡር መጨረሻ ጣቢያ ላይ የዚህ ጥቅም እጥፍ ይሆናል፤ የኔዘርላንዷ ዩትሬክት እ.ኤ.አ. በ2019 ያጠናቀቀችው የጣቢያ ማቆሚያ 12 ሺህ 500 ብስክሌቶችን ይይዛል፤ ለቃሊቲ መጀመሪያ የሚሆነው ደግሞ 20 የታጠፈ ቧንቧና አንድ ተረኛ ጠባቂ ነው።

ሌሊቱ የሚያስጨንቀው በኮንዶሚኒየም ነው። አሳንሰር የሌላቸው ባለ አራት ፎቅ ብሎኮች ውስጥ የሚኖር ብስክሌተኛ ሁለት ምርጫ አለው፤ 15 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነውን ብስክሌት ማታ ማታ ትከሻው ላይ አድርጎ ደረጃውን ይወጣል፣ ወይም ከደረጃው ሥር አስሮ እየተጨነቀ ያድራል። ሦስተኛው ምርጫ በጎረቤቶች እጅ ነው። በ1995 ዓ.ም የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ደረጃውን፣ ግቢውንና ሌሎች የጋራ መጠቀሚያዎችን የቤት ባለቤቶቹ ሁሉ የጋራ ንብረት ያደርጋቸዋል፣ አስተዳደራቸውንም ለባለቤቶቹ ማኅበር ይሰጣል። ማኅበሩ ከደረጃው ሥር ያለውን ቦታ በፌሮ ፍርግርግ አጥሮ በር ቢያበጅለት፣ ውስጡም ማሰሪያ ቧንቧ ቢተክልበት፣ የበሩም ቁልፍ ለብስክሌት ባለቤቶች ብቻ ቢሰጥ፣ ችግሩ በአንድ ስብሰባና በጥቂት መዋጮ ያልቃል። ደረጃው የእሳት አደጋ መውጫ ስለሆነ ግን መተላለፊያውን መዝጋት አይፈቀድም፤ በኮሪደር እጀታ ላይ ብስክሌት የሚያስሩ ተከራዮችም ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ብስክሌቱ ቢጠፋ የሚቀረው መከላከያ ወረቀት ነው፤ ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም የተረሳውም ይኸው ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1193 ግዙፍነት ያለውን ተንቀሳቃሽ ዕቃ በእጁ ያደረገ ሰው የዕቃው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል ይላል። ግምት ማለት በሕግ ቋንቋ ተቃራኒው በማስረጃ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ እውነት የሚያዝ ነገር ሲሆን፣ ለተሰረቀ ብስክሌት ባለቤት የሚያስከትለው ውጤት ከባድ ነው፤ ብስክሌቱን ሌላ ሰው ሲነዳው ያየ ባለቤት የእኔ ነው ማለቱ ብቻ አይበቃውም፣ የእርሱ መሆኑን የማስረዳት ሸክም በእርሱ ላይ ይወድቃል። ማስረጃ ላለው ግን ያው ሕግ ይረዳዋል፤ የተሰረቀ ዕቃ ባለቤት ዕቃው እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት አለው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 665 ስርቆትን በቀላል እስራት ወይም እንደ ነገሩ ሁኔታ ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛውን ወይም የደበቀውን ደግሞ በአንቀጽ 682 በመሸሸግ ወንጀል ይጠይቃል። አሮጌ ብስክሌት ያለ ደረሰኝ በሚያጓጓ ዋጋ የሚገዛ ሰው ከሌባው ጋር አንድ መዝገብ ላይ ሊጻፍ እንደሚችል ማወቅ አለበት፤ ሻጩን መታወቂያ መጠየቅ፣ የፍሬሙን ቁጥር የያዘ የሽያጭ ውል በሁለት ምስክር ፊት መፈራረም ገዢውን ራሱን የሚጠብቅ እርምጃ ነው።

ያ የፍሬም ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ብስክሌቱ ሲገለበጥ ከፔዳሎቹ መጋጠሚያ ሥር ብረቱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ዴንማርክ ከ1942 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱ ብስክሌት የፍሬም ቁጥር እንዲኖረው በሕግ አስገድዳለች፤ ጃፓን ደግሞ ከ1994 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብስክሌት ከፖሊስ ጋር በተያያዘ መዝገብ እንዲመዘገብ ግዴታ አድርጋለች፤ በዚህም ምክንያት ጣቢያ ላይ የተገኘ ባለቤት አልባ ብስክሌት የማን እንደሆነ ይታወቃል። እንዲህ ያለ መዝገብ ለመጀመር ወረዳ ወይም የኮንዶሚኒየም ማኅበር አንድ ደብተር ከበቃው መዘግየት የለበትም፤ ቁጥር፣ ቀለም፣ የባለቤት ስም፣ ስልክ። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም ከመጀመሪያውም ያልተቀረጸበት ብስክሌት ቢሆን በያጅ ዘንድ ሄዶ የራስን ምልክት ማስቀረጽ ይቻላል፤ ሌላው ደግሞ በኮርቻው ቱቦ ውስጥ ስምና ስልክ የተጻፈበት ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሎ መክተት ነው፤ ሌባው ቀለም ቢቀባውም ያንን አያየውም። የገበያ ደረሰኝ የሚታተምበት ወረቀት በሙቀት የሚሠራ ስለሆነ በጥቂት ወራት ውስጥ ሊደበዝዝ ይችላል፤ በተገዛበት ዕለት ፎቶ ግራፍ ማንሣት ያስፈልጋል።

ስርቆቱ ከተፈጸመ በ991 ለፖሊስ መደወልና በአቅራቢያው ባለ ጣቢያ ቃል መስጠት፣ ቃሉም ውስጥ ቁጥሩን ማስገባት ይገባል። ጥቁር ቀለም ያለው የቻይና ብስክሌት የሚል ቃል በአዲስ አበባ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸውን ብስክሌቶች ይገልጻል፤ ቁጥር ያለው ቃል ግን አንዱን ብቻ። ስለዚህ ብስክሌት ያለው አንባቢ ይህን ጽሑፍ ካስቀመጠ በኋላ ወደ ደጅ ወጥቶ ብስክሌቱን ይገልብጥ፣ ከፔዳሉ ሥር ያለውን አቧራና ግራሶ በጨርቅ ይጥረግ፣ የሚያየውንም ቁጥር ፎቶ አንሥቶ ለአንድ ዘመዱ ይላክ።